ትናንትን በታንጎ ያዜመችው ድምፅ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1928 ምሽት። ወርቃማው ቀንድ የሚባለው ወሽመጥ፣ ቦስፎረስና የማርማራ ባሕር በሚገናኙበት የኢስታንቡል ጫፍ፣ ሳራይቡርኑ በተባለው ስፍራ በጉልሃኔ መናፈሻ ድግስ ተደግሷል። ሳራይቡርኑ ማለት «የቤተ መንግሥት አፍንጫ» ማለት ነው፤ ከጀርባው የኦቶማን ሱልጣኖች ለአራት መቶ ዓመት ገደማ የኖሩበት ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ቆሟል። በዚያ ምሽት ከግብፅ የመጣችው ዝነኛ ድምፃዊት ሙኒራ አል-ማህዲያ ዘፈነች። የምዕራባውያን የዳንስ ባንድም ተጫወተ።

ከዚያ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሙስጠፋ ከማል ተነሥተው ንግግር አደረጉ። ንግግሩ በታሪክ የሚታወሰው ቱርክኛ ከእንግዲህ በዐረብኛ ፊደል መጻፉ ቀርቶ በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ ያበሰሩበት በመሆኑ ነው። ስለ ሙዚቃ የተናገሩት ግን ከዚያ የሚያንስ አልነበረም። የምሥራቁ ዜማ የቱርክን ሕዝብ ስሜት ለማርካት ከእንግዲህ እንደማይበቃ ገለጹ፤ ለማስረጃም ዝም ብሎ ተቀምጦ የነበረው ሰው የምዕራቡ ሙዚቃ ሲጀመር ወዲያው ተነቃቅቶ መጨፈሩን ጠቀሱ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 1 ቀን፣ የፊደሉ ሕግ ጸደቀ።

በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ኔጂፕ ጀላል የተባለ የሃያ ዓመት ወጣት አንድ ታንጎ ደረሰ። ግጥሙ የኔጅዴት ሩሽቱ ነው። ከቱርክ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ የመጀመሪያው የቱርክኛ ታንጎ የሚሉት ይህንኑ ነው። መንግሥት ሕዝቡን «ወደ ፊት» እያለ ሲያጣድፍ፣ ወጣቱ የምዕራቡን አዲስ ልብስ አልብሶ ያወጣው ዘፈን ርዕሱ «ማዚ» ሆነ። ማዚ ማለት ያለፈው ዘመን፣ ትናንት ማለት ነው።

ይህን ዘፈን በሸክላ ቀርጻ ለአገር ያሰማችው ድምፃዊት ሰያን ሃኒም ትባላለች። ስለ ቱርክ ታንጎ ሲጻፍ ብዙው ቀለም የሚፈሰው ለዜማ ደራሲዎቹ ነው። እኔ ግን ያ ዘፈን እስከ ዛሬ የቆየው በእሷ ጉሮሮ ስላለፈ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የ1913 ልጅ

ሰያን በ1913 ኢስታንቡል ውስጥ ተወለደች። በኢስታንቡል በዚያ ዓመት መወለድ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዕድሜዋን ከዘመኑ ጋር ማስተያየት ይበቃል። እሷ በተወለደችበት ዓመት ኦቶማኖች በባልካን ጦርነት ተሸንፈው ከአውሮፓ ግዛታቸው አብዛኛውን አጥተው ነበር፤ ከዚያ የተፈናቀሉ ሙስሊሞችም ከተማዋን አጥለቅልቀዋት ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሆናት ወይም እምብዛም ሳያልፋት የዓለም ጦርነት ፈነዳ። የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለች፣ ኖቬምበር 13 ቀን 1918፣ የአሸናፊዎቹ የጦር መርከቦች ቦስፎረስ ገብተው መልህቅ ጣሉ። ከተማዋ ለአምስት ዓመት ያህል በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ወታደሮች ተያዘች። የአሥር ዓመት ልጅ ስትሆን ሪፐብሊኩ ታወጀ፤ ዋና ከተማነቱም ወደ አንካራ ሄደ። በዓመቱ ኸሊፋው ከአገር ተባረሩ። ቀጥሎ ፌዝ የሚባለው ቀይ ባርኔጣ በሕግ ተከለከለ። የአሥራ አምስት ዓመት ወጣት ስትሆን ፊደሉ ተቀየረ፤ ከዚያ በፊት የተማረ ሁሉ፣ ጎረምሳም ይሁን ሽማግሌ፣ እንደገና «ሀ» ብሎ ጀመረ።

በእነዚህ ዓመታት ከከተማዋ የጠፋው ብዙ ነው። በ1915 የአርመን ሕዝብ በግዛቱ ሁሉ ለእልቂትና ለስደት ተዳረገ። በ1923ቱ ስምምነት ደግሞ በግሪክና በቱርክ መካከል ሕዝብ ተለዋወጠ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ወደ ግሪክ ሲሄዱ 400,000 ያህል ሙስሊሞች ወደ ቱርክ መጡ። የኢስታንቡል ግሪኮች ከልውውጡ ነፃ ቢሆኑም በፍርሃት የሄደው ጥቂት አልነበረም። በየቤቱ ያልተመለሰ ሰው፣ በየሰፈሩ የተዘጋ በር ነበረ።

የእኛም አገር ሙዚቃ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አለው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች ከዚያው እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባዎች ነበሩ። የነሐስ መሣሪያ ባንድ ሆነው ለቤተ መንግሥቱ ተጫወቱ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ሰያን በኢስታንቡል ፊደል ስትቆጥር፣ በዕድሜ ከእሷ እምብዛም የማይርቁ የዚያው ግዛት ልጆች አዲስ አበባ ላይ መለከት ይነፉ ነበር።

ታንጎ በየት በኩል ገባ?

ታንጎ የተወለደው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መገባደጃ፣ በሪዮ ዴ ላ ፕላታ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ባሉት በቡዌኖስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ ነው። ከአውሮፓ የመጣ ስደተኛ፣ ከገጠር የፈለሰ ከብት ጠባቂ፣ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ልጅ ልጆች፣ ሁሉም በድሃ ሰፈር ተገናኝተው የፈጠሩት ነው። ያገሩ ጨዋ ሰው መጀመሪያ ላይ ይጸየፈው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ግን ፓሪስ አበደችለት፤ ፓሪስ የወደደችውን ደግሞ ሌላው ዓለም ለመውደድ ጊዜ አልፈጀበትም።

ፓሪስ የለበሰችውን የምትለብስ አንዲት የኢስታንቡል ሰፈር ነበረች፦ ፔራ፣ በዛሬው አጠራር ቤዮግሉ። የግሪክ፣ የአርመን፣ የአይሁድና የአውሮፓውያን ነጋዴዎች ሰፈር ነበረች። የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ተመልሰው በቃና ቴሌቪዥን ስንከታተል ቀይዋ አሮጌ ትራም የምትመላለስበትን የእግረኛ መንገድ ሳናይ አልቀረንም፤ ያ ኢስቲክላል ጎዳና የፔራ ዋና መንገድ ነበር። ሲኒማው፣ ቴአትሩ፣ የኬክ ቤቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያና የሸክላ መሸጫው ሁሉ እዚያ ነበር።

በኖቬምበር 1920 ደግሞ ወደ 150,000 የሚጠጉ ሩሲያውያን በአንድ ጊዜ ከተማዋ ላይ ወረዱ። በቦልሼቪኮች የተሸነፈው የጄኔራል ቭራንጌል ሠራዊትና ከእሱ ጋር ከክራይሚያ በመርከብ የሸሸ ሕዝብ ነው። ከመካከላቸው የቤተ መንግሥት ወይዛዝርት፣ ቫዮሊን ተጫዋቾች፣ የባሌት ተወዛዋዦች ነበሩ። ጌጣቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ያላቸው ሙያ ብቻ ቀረ፤ ቤዮግሉም የምሽት ክበብ በየጥጉ በቀለባት።

ከሩሲያ ሸሽተው ከመጡት መካከል ፍሬደሪክ ብሩስ ቶማስን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በ1872 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ከባርነት ነፃ ከወጡ ጥቁር ወላጆች ተወልዶ፣ አውሮፓን በአስተናጋጅነት አዳርሶ፣ ሞስኮ ላይ የታወቀ የምሽት ክበብ ባለቤት ለመሆን በቃ። አብዮቱ ሀብቱን ሲወርሰው ወደ ኢስታንቡል ሸሸ፤ በ1921 ታክሲም አጠገብ «ማክሲም» የተባለ ክበብ ከፈተ። የኢስታንቡል ሰው ጃዝንና አዳዲሶቹን የምዕራብ ዳንሶች ጠጋ ብሎ ያየው እዚያ ነው። የኋላ ኋላ ዕዳ አጥምዶት እስር ቤት ገባ፤ በጁን 1928፣ የሳራይቡርኑ ድግስ ሁለት ወር ሲቀረው፣ እዚያው ኢስታንቡል ሞተ። የቱርክ ታንጎ የቆመባቸው መድረኮች እንዲህ ባሉ መንገደኞች እጅ የተነጠፉ ናቸው።

ሪፐብሊኩም የዳንሱን አዳራሽ ወደደው። በየዓመቱ ኦክቶበር 29 የሪፐብሊክ ቀን ሲከበር በየከተማው የዳንስ ግብዣ ይዘጋጅ ነበር፤ ሹማምንቱም ሚስቶቻቸውን ይዘው እንዲመጡ ይጠበቅ ነበር። በ1929 በአንካራ ፓላስ ሆቴል ሙስጠፋ ከማል ከማደጎ ልጃቸው ከነቢሌ ጋር በሠርጓ ዕለት ሲደንሱ የተነሣው ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንዱና ሴቱ በትራምና በመርከብ ላይ እንኳ በመጋረጃ ተለይተው የሚሄዱበት አገር ነው። አሁን ወንዱ የሰው ሚስት ወገብ ይዞ በአደባባይ እንዲዞር መፈቀዱ ብቻ ሳይሆን፣ የሥልጣኔ ምልክት ነው ተባለ። የደነገጠው ብዙ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

«ሃኒም» የሚለው ቃል

በዚያን ዘመን የሸክላ ወረቀት ላይ የድምፃዊቷ ስም «ሰያን ሃኒም» ተብሎ ይታተም ነበር። ሃኒም የአባት ስም አይደለም። እኛ ወይዘሮ ወይም ወይዘሪት እንደምንለው ያለ የአክብሮት ቃል ነው፤ እነሱ ከስሙ በኋላ ያስከትሉታል። ቱርኮች ያን ጊዜ የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። አንድ ሰው በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በትውልድ አገሩ ወይም በማዕረጉ ይታወቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ በራስና በአባት ስም ለምንጠራው ለእኛ ይህ ነገር አዲስ አይሆንብንም። በ1934 ሁለት ሕጎች ተከታትለው ወጡ። አንዱ እያንዳንዱ ቤተሰብ የቤተሰብ ስም እንዲይዝ አዘዘ፤ ሙስጠፋ ከማልም «አታቱርክ» የተባሉት ያኔ ነው። ሌላው ኤፈንዲ፣ ቤይ፣ ፓሻ፣ ሃኒም የሚባሉትን የማዕረግና የአክብሮት ስሞች ከመንግሥት መዝገብ ሻረ። ሰያንም ኦስካይ የሚል ስም ያዘች። ሕዝቡ ግን ሰያን ኦስካይ ብሎ አላወቃትም። ሕጉ የሻረው ቃል በእሷ ስም ላይ እንደ ተጣበቀ ቀረ፤ ዛሬም ሰያን ሃኒም ናት።

ያ «ሃኒም» ሸክላ ላይ መታተሙ በራሱ ታሪክ አለው። በኦቶማን ዘመን ሙስሊም ሴት በአደባባይ መድረክ ላይ መቆም አይፈቀድላትም ነበር። በቴአትሩ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት፣ በሙዚቃውም በብዛት የሚዘፍኑት አርመኖች፣ ግሪኮችና አይሁዶች ነበሩ። በ1920 አፊፌ ጃሌ የተባለች የአሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሙስሊም ወጣት፣ አንዲት አርመናዊት ተዋናይት ወደ ፓሪስ ስለሄደች የእሷን ቦታ ተክታ ካዲኮይ በሚገኝ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ ወጣች። ፖሊስ አሳደዳት። ባልደረቦቿ በጓሮ በር አስመለጧት፤ ደግማ ስትወጣ ፖሊስ ደግሞ ተከተላት። በመጨረሻ ሙስሊም ሴቶች መድረክ ላይ እንዳይወጡ ትእዛዝ ወጣና ከሥራ ተባረረች። ሪፐብሊኩ ሲመጣ ክልከላው ቢነሣም አፊፌ ተጎድታ ነበር፤ በሞርፊን ሱስ ተይዛ በ1941 በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አረፈች።

ከአፊፌ እስከ ሰያን ያለው ርቀት አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ሰያን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማይክሮፎን ፊት ስትቆም ያሳደዳት ፖሊስ አልነበረም። የቱርክ ሴቶች በ1930 በማዘጋጃ ቤት ምርጫ፣ በ1934 ደግሞ በፓርላማ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አገኙ። እሷ የቆመችበትን ወለል ግን ሌላ ሴት በእንባዋ እንዳጠበችው መርሳት ነውር ይመስለኛል።

ሦስት ደቂቃ

በዚያ ዘመን ሸክላ መቅረጽ ቀልድ አልነበረም። ድምፁ በሰም ዝርግ ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። ኦርኬስትራውና ድምፃዊቷ አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ ይጫወታሉ፤ አንዱ ቢሳሳት፣ አንዱ ቢያስነጥስ፣ ሰሙ ይጣልና በሌላ ሰም እንደገና ይጀመራል። ቆርጦ መቀጠል የሚባል ነገር የለም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ መግቢያው፣ ግጥሙ፣ አዝማቹ፣ ልቅሶው ሁሉ በዚያ ውስጥ ማለቅ አለበት። ብዙ የዘመኑ ዘፈኖች አጥንታቸው ብቻ የቀረ ያህል የጠሩት ለዚህ ነው።

ሰያን ግን በአንድ ነገር ዕድለኛ ነበረች። ከ1925 በፊት ድምፃውያን የሚዘፍኑት እንደ መለከት በተከፈተ ትልቅ ቀንድ ውስጥ ነበር። ቀንዱ የሚሰማው ጉልበት ያለውን ድምፅ ስለሆነ የደረቱን የማይጮህ ይጠፋ ነበር። በ1925 በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማይክሮፎን ወደ ቀረጻ ቤቶች ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ለስለስ ያለ፣ ከትንፋሽ እምብዛም የማይበልጥ ድምፅ እንኳ ሸክላ ላይ መቅረት ቻለ። ታንጎ ከሰው ጆሮ አጠገብ የሚነገር ነገር ስለሆነ ማይክሮፎን ባይኖር እንደዚህ ባልዘፈነችው ነበር።

«ማዚ»ን ዛሬ ስናዳምጥ አስቀድሞ የሚሰማን የሸክላው የራሱ ድምፅ ነው፤ ምጣድ ላይ እንደሚንጣጣ ቡና። ከዚያ ሥር ኦርኬስትራው ይነሣል። ከቡዌኖስ አይረሱ ታንጎ የለመደ ጆሮ ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል። ባንዶኔዮን የሚባለው፣ የአርጀንቲናን ታንጎ እንደ ቢላ የሚያሾለው መሣሪያ፣ በኢስታንቡል ብርቅ ስለነበር ቦታውን የያዙት ቫዮሊንና አኮርዲዮን ናቸው። ምቱም እኩል እኩል የሚራመድ፣ ለዳንስ አዳራሽ የተመቸ ነው። ቱርኮች ታንጎን የተቀበሉት በቀጥታ ከደቡብ አሜሪካ ሳይሆን በፓሪስና በበርሊን በኩል ስለሆነ፣ የአውሮፓን ለዛ ይዞ ነው የመጣላቸው።

ከዚያ ሰያን ትገባለች። ድምፅዋ ከፍ ያለ፣ ቀጭን፣ በምዕራባዊ የአዘፋፈን ትምህርት የተገራ ነው። በቀድሞው የቱርክ አዘፋፈን ድምፃዊው ዜማውን በጉሮሮው እያጠማዘዘና እያስጌጠ ይሄዳል። እሷ ይህን አታደርግም። ኖታውን ቀጥ አድርጋ ይዛ መጨረሻው ላይ ብቻ በቀላሉ ታርገበግበዋለች። ቃላቱ አንድ በአንድ ይሰማሉ። ሐዘኑን ለማሳየት ድምፅዋን አትሰብርም፤ ልቅሶ ላይ ጥቁር ለብሳ ቀጥ ብላ እንደምትቆም ሴት ናት። እኔን የያዘኝ ይኸው ነው። ከእሷ በኋላ ይህንን ዘፈን የዘፈኑት ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ እንባውን አብዝተውበታል።

አዲሱ ሙዚቃ ለቱርክ ሰው ጆሮ እንግዳ ሆኖ ያልቀረበት ምክንያትም በዜማው ውስጥ አለ። እኛ ቅኝት የምንለውን ዓይነት ነገር ቱርኮች መቃም ይሉታል። መቃሞቹ ብዙዎቹ በፒያኖ ሊመቱ አይችሉም፤ የቱርክ ሊቃውንት አንዱን ሙሉ ድምፅ በዘጠኝ ጥቃቅን ክፍል ይከፍሉታልና። «ኒሃቬንድ» የተባለው መቃም ግን ከምዕራቡ የሐዘን ቅኝት፣ ከማይነር፣ ጋር በጣም ይቀራረባል። ታንጎ ደግሞ ማይነርን ይወዳል። ስለዚህ ፒያኖ ላይ የተደረሰውን ታንጎ የሰማች የኢስታንቡል እናት፣ ልብሱ የፈረንጅ ቢሆንም ከሥሩ ያለውን ዜማ ከልጅነቷ የምታውቀው ያህል ነበር።

የተከለከለውና የተፈቀደው ሐዘን

ሳራይቡርኑ ላይ በቃል የተነገረው ነገር በሂደት ደንብ ሆነ። ከንግግሩ በፊትም በኢስታንቡል ዳሩልኤልሃን የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ወደ ከተማው ኮንሰርቫቶር ሲለወጥ የቀድሞው የቱርክ ሙዚቃ ክፍል ተዘግቶ ነበር። በኖቬምበር 1934 አታቱርክ ፓርላማው ፊት ሙዚቃው መለወጥ እንዳለበት ከተናገሩ በኋላ፣ የቀድሞው የቱርክ ሙዚቃ ከሬዲዮ ጨርሶ ጠፋ። ክልከላው ሃያ ወር ያህል ቆየ። በእነዚያ ወራት ሕዝቡ የሬዲዮኑን መርፌ ወደ ካይሮ ያዞር ነበር ይባላል፤ የግብፅ መንግሥት ሬዲዮ በዚያው ዓመት ነበር የተከፈተው። ታንጎ ግን ምዕራባዊ ነውና አልተነካም።

ቋንቋውም ከዚህ አልዳነም። በ1932 የተቋቋመው የቱርክ ቋንቋ ማኅበር ከዐረብኛና ከፋርስኛ የመጡትን ቃላት ከቱርክኛ ለማውጣት ተነሣ። ከሚተኩት ቃላት አንዱ «ማዚ» ነበር፤ ምንጩ ዐረብኛ ስለሆነ «ገችሚሽ» ይባል ተባለ። ናፍቆትን የሚገልጸው «ሃስሬት»ም «ኦዝለም» ይባል ተባለ። የሰያን ሃኒም ሌላው ታዋቂ ሸክላ ርዕሱ ይኸው «ሃስሬት» ነው። ትናንትና ናፍቆት፤ ሁለቱም ቃላት ከመዝገበ ቃላት ሊባረሩ ተራ ሲጠብቁ፣ እሷ በጠራ ድምፅ፣ በጣም ዘመናዊ በሆነው ዳንስ ላይ አሳፍራ በየሰው ቤት አስገባቻቸው።

ይህ ታስቦ የተደረገ ተቃውሞ ነበር አልልም። ኔጂፕ ጀላል የጻፈው የፍቅር ዘፈን ነው፤ ሰያንም የዘፈነችው የፍቅር ዘፈን ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ግዛቱን፣ ንጉሡን፣ ኸሊፋውን፣ ባርኔጣውን፣ ፊደሉንና ጎረቤቱን ሲያጣ፣ ሐዘኑን የሚያወጣበት ቦታ ይፈልጋል። በአደባባይ «ድሮ ናፈቀኝ» ቢል አድኃሪ ይባላል። በታንጎ ቢለው ግን ዘመናዊ ነው፤ ከባለሥልጣን ሚስት ጋር እየደነሰም ሊለው ይችላል። «ማዚ» የአንዲት ፍቅር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ስር አይሰድም ነበር። የሰማው ሁሉ የራሱን ያለፈ ነገር አስገባበት፤ ሰያንም ድምፅዋን ሳታባክን ለዚያ ሁሉ ሰው ቦታ ተወችለት።

ከእሷ በኋላ

በሩ ከተከፈተ በኋላ የገባው ብዙ ነው። ቫዮሊን ተጫዋቹና ዜማ ደራሲው ፌህሚ ኤጌ (1902–1978) የቱርክን ታንጎ እጅግ አበለጸገ። ኢብራሂም ኦዝጉር ለዓመታት በእስያ አገሮች ሲጫወት ቆይቶ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተመለሰና «ማቪ ኬሌቤክ»ን፣ ሰማያዊዋን ቢራቢሮ፣ ዘፈነ። ጀላል ኢንጄና ሸጃኣቲን ታንየርሊ ታንጎውን በሬዲዮ ለቀጣዩ ትውልድ አደረሱት። የኔጅዴት ኮዩቱርክ «ፓፓትያ» ዛሬም ከቱርክ ታንጎዎች ሁሉ በጣም ከሚዘወተሩት አንዱ ነው። ኔጂፕ ጀላል፣ በ1934ቱ ሕግ አንዴል የሚል የቤተሰብ ስም የያዘው፣ በ1957 አረፈ።

ለብዙ ቱርካዊ ግን ታንጎ የሚያስታውሰው ሠርግ ነው። ለአሥርት ዓመታት በከተማ ሠርግ ሙሽሮቹ የመጀመሪያውን ዳንስ የሚከፍቱት በ«ላ ኩምፓርሲታ» ነበር፤ ኡራጓያዊው ሄራርዶ ማቶስ ሮድሪጌስ በተማሪነቱ የጻፈው ታንጎ። አናቶሊያ ውስጥ ያለ የቢሮ ጸሐፊና መምህርት ሙሽራው ቡዌኖስ አይረስ የት እንዳለች ሳያውቁ በዚያ ዜማ ተያይዘው ተነሥተዋል። ቀጥሎ ዘመኑ ሌላ ሆነ፤ ሮክ መጣ፣ የውጭ ዜማ በቱርክኛ ግጥም መዝፈን መጣ፣ ከገጠር በፈለሰው ሕዝብ ዘንድ ደግሞ አራቤስክ ነገሠ። የ78ቱ ሸክላዎች በየጎተራውና በየአሮጌ ዕቃ ሻጩ ተከማቹ።

ሰያን ሃኒም በ1989 አረፈች። ሰባ ስድስት ዓመት ገደማ ኖራለች፤ ከመርከቦቹ መልህቅ እስከ ቀለም ቴሌቪዥን ድረስ አይታለች። ከሞተች በኋላ በኢስታንቡል የሚገኘው ካላን የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ፣ የአናቶሊያን ሕዝቦች የተረሱ ድምፆች እየፈለገ በማሳተም የሚታወቀው፣ የድሮ ሸክላዎቿን ሰብስቦ «ታንጎላር» በሚል ርዕስ በሲዲ አወጣቸው። የልጅ ልጆቿ ዕድሜ ያላቸው ወጣቶች ድምፅዋን የሰሙት በዚያ ነው። ኢስታንቡል ዛሬ ከአርጀንቲና ውጭ ታንጎ በብዛት ከሚደነስባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ዳንሱ ግን አሁን በቀጥታ ከቡዌኖስ አይረስ የመጣው ነው፣ ባንዶኔዮኑም ጭምር።

የእሷ «ማዚ» በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛል። ቱርክኛ አለማወቅ አያግድም። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ክፈቱትና የሸክላው ንጣጣ እስኪያልፍ ታገሡ፤ ቫዮሊኖቹ መግቢያውን ሲጨርሱ የምትሰሟት በሃያ ዓመት ዕድሜዋ ገደማ ያለችው ሰያን ናት።